የራስት ከርነል ማተሚያ ማክሮ፦ ዋናው ሥራ ከማክሮው በታች ነው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለኤክስ86-64 ማሽን በራስት አነስተኛ ከርነል እየጻፍኩ ነው። መደበኛው ላይብረሪ ስለሌለ ‹ፕሪንትኤልኤን!› አይሠራልኝም። ስለዚህ እንደ ሲ ‹ፕሪንትኤፍ› የመቶኛ ምልክት የሚቀበልና ጽሑፉን ባይት በባይት እያነበበ የሚተነትን የራሴን ማክሮ ጀመርኩ። ቁጥርና አድራሻ ያትማል፤ ነገር ግን ከሰዓት ኢንተራፕት ውስጥ ስጠራው ማሽኑ አንዳንዴ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ሁለተኛውን ኮር ካስነሳሁ ወዲህም የሁለቱ ኮሮች መስመሮች እርስ በርስ ይደባለቃሉ። በፕሮሲጀራል ማክሮ እንደገና ብጽፈው ይሻላል? ወይስ ፎርማት ማድረጉን ትቼ ተራ ጽሑፍ ብቻ ላትም?»

በቅድሚያ ቃላቱን እናብራራ፦ ከርነል የስርዓተ ክወና እምብርት ነው፤ ማክሮ በኮምፓይል ጊዜ ወደ ሌላ ኮድ የሚስፋፋ አጭር አጻጻፍ ነው፤ ፕሮሲጀራል ማክሮ ደግሞ ያንን ኮድ የሚያመነጭ ራሱን የቻለ የራስት ፕሮግራም ነው፤ ኢንተራፕት ሃርድዌሩ የሚሮጠውን ኮድ አቋርጦ አስተናጋጅ ፋንክሽን የሚያስጠራበት ምልክት ነው። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተቀላቅለዋል። አንዱ ጽሑፍን ፎርማት ማድረግ ነው፤ ሌላው የተዘጋጀውን ጽሑፍ ወደ መሣሪያው መላክ ነው። ማሽኑ ቀጥ የሚለውም መስመሮቹ የሚደባለቁትም በሁለተኛው ምክንያት ሲሆን፣ ልፋቱ ግን ያለቀው በመጀመሪያው ላይ ነው። ማክሮው በፕሮሲጀራል ማክሮ ቢጻፍም፣ ፎርማት ማድረጉ ጨርሶ ቢቀርም፣ ሁለቱም ብልሽቶች ባሉበት ይቀጥላሉ።

መደበኛው ላይብረሪ የለም ማለት ፎርማት ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም። የራስት የፎርማት ሞተር የሚገኘው «ኮር» በተባለው ላይብረሪ (ከፕሮሰሰሩ ኮር ጋር አይምታታ)፣ «ኤፍኤምቲ» በሚለው ሞጁል ውስጥ ነው፤ «ኮር» ደግሞ ስርዓተ ክወናም ሆነ ሂፕ (በሩጫ ጊዜ የሚመደብ ማኅደረ ትውስታ) አይፈልግም። «ፕሪንትኤልኤን!» በከርነል ውስጥ የማይገኘው የሚጽፍበትን መውጫ የሚሰጠው ስርዓተ ክወና ስለሌለ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው «ፎርማት_አርግስ!» የኮምፓይለሩ የራሱ አካል በመሆኑ አብሮዎት አለ። ይህ ማክሮ የፎርማት ጽሑፉን በኮምፓይል ጊዜ ይተነትናል፤ የአርጊውመንቶቹን ቁጥር ከቦታዎቹ ጋር ያመሳክራል፤ እያንዳንዱ ታይፕ በተጠየቀው መልክ መታተም መቻሉንም ያረጋግጣል። ውጤቱ ጽሑፍ ሳይሆን «አርጊውመንትስ» የሚባል፣ የጽሑፉን ቁራጮችና የዋጋዎቹን ሪፈረንሶች ብቻ የያዘ ትንሽ ዋጋ ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው «ራይት» የተባለውን ትሬይት (አንድ ታይፕ ሊያሟላቸው የሚገቡ ፋንክሽኖች ዝርዝር) ለራስዎ ታይፕ መተግበር ነው። ትሬይቱ በግድ የሚጠይቀው «ራይት_ኤስቲአር» የሚለውን አንድ ፋንክሽን ብቻ ሲሆን፣ «ራይት_ኤፍኤምቲ» ከትሬይቱ ጋር ተዘጋጅቶ ይመጣል።

ስለዚህ በእጅ የጻፉትን ተንታኝ ይጣሉት። ከሲ የተወሰደው የመቶኛ ምልክት ሥርዓት ትልቁን ጥቅም ያሳጣዎታል፤ ታይፑ ከምልክቱ ጋር ካልገጠመ ስህተቱ የሚገለጠው ከርነሉ ሲሮጥ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሌላ ብልሽት ለማጣራት በሚታተመው መስመር ላይ ነው። ራስት ግን ያንኑ ስህተት ይዞ ኮምፓይል አያደርግም። ከዚህም በላይ «ዲበግ» (ዋጋን ለምርመራ የሚያሳትም ትሬይት) ዲራይቭ የተደረገበት፣ ማለትም ኮዱን ኮምፓይለሩ ራሱ የጻፈለት ስትራክት ሁሉ ያለ ምንም ተጨማሪ ኮድ ይታተማል፤ የገጽ ሰንጠረዥንና የኢንተራፕት ፍሬምን ቀኑን ሙሉ ለሚመረምር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማክሮው ራሱ እጅግ ቀጭን መሆን አለበት። በ«ማክሮ_ሩልስ!» የሚጻፍ አንድ ቅርንጫፍ ይበቃል፦ የመጣለትን ቶከን (የኮድ ቁራጭ) ሁሉ ተቀብሎ ሳይነካ ለ«ፎርማት_አርግስ!» ያስተላልፋል፤ የተገኘውን ዋጋ ደግሞ ለአንድ ተራ ፋንክሽን ይሰጣል። ፋንክሽኑ ማክሮው በተስፋፋበት ቦታ ሁሉ መታየት ስላለበት ለሕዝብ ክፍት ይደረግና ከሰነዱ ይደበቃል፤ ሲጠራም ማክሮው ከሌላ ሞጁል ወይም ከሌላ ክሬት (የራስት ፓኬጅ) ሲሠራ እንዳይጠፋበት የዶላር ምልክት ባለው «ክሬት» ይጀምራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ፋንክሽኑ ለምን እንደሚያስፈልግ በዝርዝር ልግለጽ። አጠር ብሎ የሚታየው መንገድ ማክሮው ቁልፉን (ጸሐፊውን በአንድ ጊዜ አንድ ኮድ ብቻ እንዲጠቀምበት የሚያደርገውን ሎክ) ይዞ ወዲያው «ራይት_ኤፍኤምቲ»ን እንዲጠራ ማድረግ ነው፤ ማለትም «ጸሐፊ.ሎክ().ራይት_ኤፍኤምቲ(ፎርማት_አርግስ!(...))» የሚል መስፋፋት ነው። በራስት የሜተድ ጥሪ ሲፈጸም መጀመሪያ የሚሰላው ከነጥቡ በስተግራ ያለው ነው፤ አርጊውመንቶቹ የሚሰሉት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ አጻጻፍ ቁልፉ ተይዞ እያለ የተጠቃሚው አርጊውመንቶች ይሰላሉ። ከአርጊውመንቶቹ አንዱ «ነፃ_ገጾችን_ቁጠር()» ቢሆንና ይህ ፋንክሽን በውስጡ አንዲት የማጣሪያ መስመር ቢያትም፣ ያው ኮር በራሱ እጅ ያለውን ቁልፍ ለዘላለም ይጠብቃል። ኢንተራፕት የለም፤ ሁለተኛ ኮር የለም፤ ማሽኑ ግን ቆሟል። «አርጊውመንትስ» ለፋንክሽን ሲተላለፍ ግን ስሌቱ ሁሉ ፋንክሽኑ ከመግባቱ በፊት ያልቃል፤ ቁልፉ የሚያዘው ከዚያ በኋላ በፋንክሽኑ ውስጥ ነው። ከጽሑፉ አንጻር በሁለቱ አጻጻፎች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ፊደላት ነው፤ የሚያስከትለው ብልሽት ግን ሰውን ለቀናት ሊያለፋ ይችላል።

የመስመር ማብቂያውን በሚጨምረው ሁለተኛ ማክሮ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ አሮጌ ምሳሌዎች የፎርማት ጽሑፉን ከመስመር ማብቂያው ጋር በ«ኮንካት!» ያጣብቃሉ። ይህ ይሠራል፤ ሆኖም ከራስት 1.58 (2022) ጀምሮ የተፈቀደውን የተለዋዋጭን ስም በቀጥታ በቅንፍ ውስጥ መጻፍ ይከለክላል፤ ምክንያቱም «ፎርማት_አርግስ!» ከሌላ ማክሮ በተወለደ ጽሑፍ ውስጥ ያለን ስም ከአካባቢው አይወስድም። መፍትሔው የተጠቃሚውን ቶከኖች በራሳቸው «ፎርማት_አርግስ!» ውስጥ ማስገባትና ያንን ቅንፍና የመስመር ማብቂያ ብቻ ላለው ውጫዊ ጽሑፍ እንደ አርጊውመንት መስጠት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ብልሽት እንምጣ። ማሽኑ ቀጥ የሚለው ዋናው ፕሮግራም የጸሐፊውን ቁልፍ ይዞ እያተመ ሳለ የሰዓት ኢንተራፕት ሲያቋርጠውና አስተናጋጁ በተራው ለማተም ያንኑ ቁልፍ ሲጠይቅ ነው። ቁልፉን የያዘው ኮድ አስተናጋጁ እስኪመለስ አይሮጥም፤ አስተናጋጁም ቁልፉ እስኪለቀቅ አይመለስም። የተለመደው መፍትሔ ቁልፉ በተያዘበት ጊዜ ኢንተራፕትን መዝጋት ነው፤ ትክክልም ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ኢንተራፕቱ ይዘጋል፤ ቀጥሎ ቁልፉ ይያዛል፤ ሲያበቃ ቁልፉ ይለቀቅና ኢንተራፕቱ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። «ወደ ቀድሞ ሁኔታው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ያለ ጥያቄ የሚከፍት ኮድ፣ ጠሪው ራሱ ዘግቶት ከነበረ፣ ሳይታሰብ ይከፍትበታል። ኢንተራፕትን መዝጋት የሚሠራው በዚያው ኮር ላይ ብቻ በመሆኑም የሌላውን ኮር ውድድር የሚፈታው ቁልፉ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ይህ መፍትሔ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ማስላት ይቻላል። ሲሪያል ወደብ (ባይቶችን ቢት በቢት የሚልክ መውጫ) በ115200 ባውድ፣ ማለትም በሰከንድ 115200 ቢት፣ በ8 የዳታ ቢትና በ1 የማቆሚያ ቢት ሲሠራ ከመነሻ ቢቱ ጋር ለአንድ ባይት 10 ቢት ይፈጃል፤ ስለዚህ በሰከንድ 11520 ባይት ያልፋል። 80 ፊደል ያለው መስመር ወደ 7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። ወደቡ በ38400 ባውድ ከተዘጋጀ ጊዜው ከ20 ሚሊሰከንድ ይበልጣል። በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚመታ ሰዓት ያለው ከርነል፣ በአንዲት መስመር ኅትመት ብቻ ብዙ ምቶችን ሊያጣ ይችላል። የማተሚያ መስመር ሲጨመር ብልሽቱ የሚጠፋበት ወይም ሌላ ብልሽት የሚወለድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የመስመሮቹ መደባለቅ ሌላ ምንጭ አለው። «ራይት_ኤፍኤምቲ» አንድን መስመር በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭና ለእያንዳንዱ ዋጋ «ራይት_ኤስቲአር»ን ለየብቻ ይጠራል። ቁልፉ የሚያዘውና የሚለቀቀው በ«ራይት_ኤስቲአር» ውስጥ ከሆነ፣ በሁለት ቁራጮች መካከል ሌላው ኮር ይገባል። ከገለጹት ተነሥቼ ስፈርድ የእርስዎ ተንታኝ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቁልፉን ለመላው መስመር መያዝ መደባለቁን ያስቀራል፤ ግን የባሰ አደጋ ያመጣል፦ የእያንዳንዱ ታይፕ የ«ዲስፕሌይ» ወይም የ«ዲበግ» ኮድ የሚሮጠው ቁልፉ ተይዞ ይሆናል። ያ ኮድ ራሱ ቢያትም ይቆማል። በተበላሸ ፖይንተር የገጽ ስህተት (ያልተመደበ አድራሻ ሲነካ ፕሮሰሰሩ የሚያነሣው ስህተት) ቢፈጥርም እንዲሁ ይቆማል፤ የገጽ ስህተት ኤክሴፕሽን በመሆኑ ኢንተራፕትን መዝጋት አያስቀረውም፤ አስተናጋጁም ስህተቱን ለማሳወቅ የመጀመሪያ ሥራው ማተም ነው።

ሁሉንም በአንድነት የሚፈታው ንድፍ፣ መጀመሪያ ፎርማት አድርጎ ቁልፉን በኋላ መያዝ ነው። ፋንክሽኑ በስታክ (ፋንክሽኑ ሲያበቃ በሚለቀቀው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ላይ 256 ባይት ያህል ያለው ቋት፣ ማለትም ጽሑፍ የሚጠራቀምበት ቦታ፣ ያዘጋጃል፤ «ራይት» የሚተገበረው ለዚህ ቋት ነው፤ ፎርማቱ ያለ ቁልፍና ኢንተራፕት ክፍት እያለ በቋቱ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ኢንተራፕት ተዘግቶና ቁልፉ ተይዞ ዝግጁ የሆኑት ባይቶች ብቻ ይገለበጣሉ። በቁልፉ ሥር የማንም ሰው ኮድ አይሮጥም፤ መስመሩም ሙሉ ሆኖ ይወጣል። አንድ እርምጃ ወደፊት መሄድ ከፈለጉ፣ በቁልፉ ሥር የሚደረገው ሥራ ባይቶቹን ወደ ሲሪያል ወደብ መላክ ሳይሆን በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ወዳለ ክብ ቋት (መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው የሚዞር ቋት) መገልበጥ ይሁንና ወደቡን የሚመግብ ሌላ ሥራ ይኑር፤ ያኔ ኢንተራፕት የሚዘጋበት ጊዜ ከሚሊሰከንድ ወደ ማይክሮሰከንድ ይወርዳል። ወደ ክብ ቋቱ የሚገባው ግን የተዘጋጀ ጽሑፍ መሆን አለበት፤ «አርጊውመንትስ» በጠሪው ስታክ ላይ ያሉ ዋጋዎችን ሪፈረንስ ስለሚይዝ ለኋላ ተቀምጦ ሊታተም አይችልም።

በቋቱ መጠን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የከርነል ስታክ ጠባብ ነው፤ በኤክስ86-64 ላይ ሊኑክስ እንኳ ለአንድ ትሬድ የሚሰጠው 16 ኪሎባይት ነው፤ በኢንተራፕት ላይ ኢንተራፕት ሲደረብ ቋቶቹም በዚያው ስታክ ላይ ይደረባሉ። ስለዚህ 4 ኪሎባይት ቋት አይምረጡ። ጽሑፉ ከቋቱ ሲበልጥ መቁረጥና መቆረጡን የሚያሳይ ምልክት ማኖር ይሻላል። ሲቆርጡም በባይት ቁጥር ብቻ አይቁረጡ፤ የራስት ጽሑፍ ዩቲኤፍ-8 ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ብቻውን 3 ባይት ይይዛል፤ መሐሉ ላይ የተቆረጠ ፊደል ቀሪውን ባይት ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ሲሞከር ስህተት ይሆናል። መቆረጡን ደግሞ በስህተት መልክ አይመልሱ፤ የቀረውን በዝምታ ውጠው «ኦኬ» ይበሉ። ብዙ ምሳሌዎች በ«ራይት_ኤፍኤምቲ» መጨረሻ ላይ «አንራፕ» ያደርጋሉ፤ ይህ የማተም ስህተትን ወደ ፓኒክ (ፕሮግራሙ መቀጠል አልችልም ብሎ መቆሙ) ይቀይራል፤ ፓኒኩም ያትማል፤ ክቡም አይቆምም።

ፓኒክ የራሱ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ፓኒክ የሚመጣው ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ በማይታወቅበት ሰዓት ነው። ሊዘጉ የማይችሉት ኢንተራፕቶችም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዶች ቁልፉን በግድ ይከፍታሉ፤ ይህ በስክሪን ጸሐፊ ላይ ግማሽ የተለወጠ የጠቋሚ ቦታን ሊወርስ ይችላል። የተሻለው ቁልፍ የሌለው፣ ቋት የማይጠቀም፣ በቀጥታ ወደ ሲሪያል ወደብ ባይት የሚልክ ሁለተኛ ጸሐፊ ለፓኒክ ብቻ መመደብ ነው። ጽሑፉ ከሌላው ኮር ጽሑፍ ጋር ሊደባለቅ ይችላል፤ ግን ይታያል። በዚህ መንገድ መግቢያ ላይ አንድ አቶሚክ ባንዲራ ይኑር፤ ባንዲራው ቀድሞ የተነሣ ከሆነ ፓኒኩ ራሱ ፓኒክ አስነሥቷል ማለት ስለሆነ ምንም ሳያትሙ ኮሩን ያቁሙ።

የቪጂኤ ጽሑፍ ስክሪን የሚጠቀሙ ከሆነ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ወደዚያ ማኅደረ ትውስታ የሚጻፈው በቮላታይል መሆን አለበት፤ አለዚያ ኮምፓይለሩ ማንም የማያነበውን ጽሕፈት ሊሰርዘው ይችላል። 80 በ25 የሆነው ሰሌዳ ለአንድ ቦታ አንድ የፊደል ባይትና አንድ የቀለም ባይት ብቻ ስላለው፣ ከአስኪ ውጭ ያለውን ባይት በአንድ ምትክ ምልክት ይተኩት።

በዋጋዎቹ በኩል የከርነል ጸሐፊን ደጋግመው የሚገጥሙት ነገሮች አሉ። «ፎርማት_አርግስ!» ሪፈረንስ ስለሚወስድ፣ ያለ ክፍተት የተጠቀጠቀ ስትራክትን መስክ፣ ለምሳሌ የዲስክሪፕተር ሰንጠረዥን መነሻ አድራሻ፣ በቀጥታ ማተም በኮምፓይለሩ ይከለከላል፤ መስኩን በጥምዝ ቅንፍ ከብበው ቅጂውን ይስጡ። አድራሻ ሲያትሙ ስፋቱ ይጠበቅ፤ በሄክሳዴሲማል 64 ቢት 16 አሃዝ ነው፤ ቅድመ ምልክቱ 2 ስለሚጨምር በዜሮ የሚሞላው ስፋት 18 ይሆናል፤ 16 ብለው ከጻፉ ዓምዶቹ ይዛነፋሉ። ይህን በየቦታው ከመድገም ለአካላዊና ለምናባዊ አድራሻ የየራሳቸውን ታይፕ አበጅተው «ዲስፕሌይ»ን አንዴ ይተግብሩ። የራስዎ ታይፕ ጽሑፍ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ በ«ፓድ» (ጽሑፍን ለተጠየቀው ስፋት በሚያስተካክለው ፋንክሽን) በኩል ያሳልፉት፤ አለዚያ ተጠቃሚው የጠየቀው ስፋት ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘነጋል። ተንሳፋፊ ነጥብ ያለውን ቁጥር ከከርነል አያትሙ፤ የፎርማት ኮዱ ትልቅ ነው፤ የከርነል ኮድ ከነዚያ ሬጂስተሮች መራቁም የተሻለ ነው። መዝገቡ አንድ ቀን ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች የሚታይ ከሆነም ጥሬ ፖይንተር ማተም የከርነሉን አቀማመጥ ያጋልጣል፤ ሊኑክስ ከ4.15 ጀምሮ ተራውን የፖይንተር ምልክት የሚያትመው አድራሻውን በሃሽ ለውጦ ነው።

የሊኑክስ ከርነል ራሱ የመረጠውን ማየት ይጠቅማል። በታኅሣሥ 2015 (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2022) የወጣው 6.1 ራስትን ሲቀበል፣ እንደ «ፒአር_ኢንፎ!» ያሉት ማክሮዎቹ አዲስ የፎርማት ቋንቋ አልፈጠሩም። የ«ፎርማት_አርግስ!»ን ውጤት ለሲው የከርነል ማተሚያ ፋንክሽን «ፕሪንትኬ» ለዚሁ በተመደበ ልዩ የፖይንተር ምልክት ያሳልፋሉ፤ «ፕሪንትኬ»ም እዚያ ምልክት ላይ ሲደርስ ቋቱን ይዞ ወደ ራስት ፋንክሽን ይመለሳል። ፕሮሲጀራል ማክሮ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነበር፦ «ዲስፕሌይ» የሌላቸውን የውጭ ታይፖች በከርነሉ የራሱ ትሬይት ለማተም እያንዳንዱን አርጊውመንት በመጠቅለያ ውስጥ ማስገባት አስፈለገ። ይህ ዓይነት ፍላጎት እስካልገጠመዎት ድረስ ፕሮሲጀራል ማክሮ ተጨማሪ ክሬትና የኮምፓይል ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ተገቢ ምክንያት ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ያላቸው ማይክሮኮንትሮለሮች ናቸው፤ «ዲኤፍኤምቲ» የተባለው መሣሪያ ጽሑፎቹን ከፕሮግራሙ ውጭ ትቶ መለያ ቁጥርና ጥሬ ዋጋ ብቻ ይልካል፤ ፎርማቱ የሚሠራው በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ነው። ለኤክስ86-64 ከርነል ይህ አያስፈልግም፤ ፓኒክ ሲከሰት ያለ ፈቺ መሣሪያ የሚነበብ ጽሑፍ ይበልጣል።

በማክሮው ውስጥ እንዲገባ የምፈቅደው ብቸኛ ተጨማሪ ሥራ የደረጃ ማጣሪያ ነው። ደረጃው ከተፈቀደው በታች ከሆነ ማክሮው «ፎርማት_አርግስ!» ሳይደርስ ይለፍ፤ ገደቡ ቋሚ ከሆነ ኮምፓይለሩ መስመሩን በሙሉ ይሰርዘዋል፤ ታይፖቹን ግን መመርመሩን አይተውም። የዚህ ተከታይ ጥንቃቄ በአርጊውመንት ቦታ ላይ ሥራ የሚሠራ ጥሪ አለመጻፍ ነው፤ ደረጃው ሲቀየር ሥራው አብሮ ይጠፋልና።

የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ተንታኙን ዛሬውኑ ይሰርዙ፤ ማክሮውን ወደ አንድ ቅርንጫፍ ያውርዱት፤ በስታክ ቋት ላይ የሚሠራውን ፋንክሽን ይጻፉ፤ ቀጥሎ የፓኒኩን ጸሐፊ ለይተው ያቁሙ። ክብ ቋቱ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በኪውኢኤምዩ (ማሽንን በሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ 2 ኮር ሰጥተው ሁለቱም ቁጥር ያላቸው ረጃጅም መስመሮች ያለማቋረጥ እንዲያትሙ ያድርጉ፤ የሰዓት ኢንተራፕቱም በየምቱ አንድ መስመር ያትም፤ «ዲበግ» ሲጠራበት ራሱ የሚያትም አንድ ታይፕም ይጨምሩበት። የሲሪያሉን ውጤት በፋይል ይያዙና እያንዳንዱ መስመር ሙሉ መሆኑን፣ ቁጥርም አለመዘለሉን በስክሪፕት ያጣሩ። በመጨረሻም የ«ዲስፕሌይ» ኮዱ ወዳልተመደበ አድራሻ የሚያነብ ታይፕ ያትሙ፤ የገጽ ስህተቱ መልእክት ሳይቆም ከወጣ ንድፉ ይሠራል፤ ካልወጣ ከተጠቃሚው ኮድ የሆነ ነገር አሁንም በቁልፉ ሥር እየሮጠ ነው፤ እሱን ፈልገው ያውጡት።